የተዘቀዘቀው ነብር

ሌባ ሰው ፈንክቶ፣ ቁስሉን አስሮለት ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም። ሴት መርማሪ ፖሊስ ነኝ፤ የሰረቀ አይቻለሁ፣ የደበደበ አይቻለሁ፣ ደብድቦ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ያለቀሰም ገጥሞኛል። በዚያ የጥር ጠዋት መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ያየሁት ግን ከሁሉም የተለየ ነበርና ልቤ ገና ከግቢው በር ጀምሮ ይመታ ጀመር።

ጡረተኛው ሻለቃ ኤፍሬም የተገኙት ከገዛ ቤታቸው የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ እግራቸው ወደ ላይ ጭንቅላታቸው ወደ ታች ሆኖ ነው። ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው መሠረት ናት። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል፤ ቁስሉ ግን ከነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ትንፋሻቸው አለ፣ ራሳቸውን አያውቁም። እኛ ስንደርስ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዳቸው አምቡላንስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። የጤና ባለሙያው ጨርቁን በፋሻ ተክቶ ሰጠኝ።

«ይህን ያሰረ ሰው ባይኖር ደማቸው ፈስሶ ያልቅ ነበር» አለኝ።

«ኢንስፔክተር ሙሉዓለም!» ሳጅን ዳዊት ከበረንዳው ላይ ጠራኝ። «ይምጡና ይህን ይዩ!»

በረንዳው ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ባለመስታወት ሳጥን ነበር። ሻለቃው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቧቸው የወታደር የትከሻ አርማዎች ተደርድረውበታል፤ ንስሩ፣ ኮከቡ፣ ጎራዴው፣ አንበሳው። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ብል እንዳይበላቸው ጠዋት ጠዋት ከፍተው ፀሐይ ያስመቷቸዋል» አለች መሠረት፤ «ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ይመለሳሉ።»

«የተወሰደው የኮሪያው ነዋ!» አልኩ። የሻለቃው አባት ከኮሪያ ዘመቻ ይዘውት የመጡትን አርማ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለመግዛት ደጅ የጠናም አለ።

«ኮሪያው አለ!» አለ ዳዊት። «እንኳን ሊወሰድ አልተነካም!»

አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው፣ ሰው በተፈነከተበት ግቢ ውስጥ አጨበጨብኩ። ወርቁን ትቶ መዳቡን የሚያነሣ ሌባ፣ ለዚያውም ቁስል የሚያስር! እንዲህ ያለ ጉዳይ መርማሪን በዕድሜው አንዴ ቢገጥመው ነው። መሠረት በትዝብት አየችኝ፤ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

*

የጎደለው የትኛው እንደሆነ የነገረችን የታሪክ መምህርቷ ልደት ናት። ባለፈው እሑድ ሻለቃው አርማዎቻቸውን በአዳራሽ ለሕዝብ ሲያሳዩ በስልኳ ቀርፃ ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። ሦስታችን አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረን አየነው።

ሻለቃው ቀይ መደብ ላይ ጥቁር ምልክት ያለበት ጨርቅ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«አባቴ ኮሪያ ሲዘምቱ» ይላሉ፣ «የእኛ ጦር የተመደበው ከአሜሪካኖቹ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው። ይህ የአሸዋ ሰዓት የመሰለው የእነሱ አርማ ነው። አንዱን የፈረንጅ ሰባት ቀጥ አድርገው፣ ሌላውን ዘቅዝቀው ቢደርቡት ይህ ወጣ። ልጆች፣ አርማ ጌጥ እንዳይመስላችሁ! ጦር ሜዳ ላይ ጭሱና አቧራው ሲቀላቀል ሰው ወንድሙን አይለይም። አርማ ማለት በጭስ መሀል ‹ይሄ የኔ ነው› የምትልበት ምልክት ነው።»

ተጨበጨበላቸው። ቀጥለው ከወታደር ኮት የተቆረጠ አሮጌ እጅጌ አነሡ። ከትከሻው ስፌት ዝቅ ብሎ የሚዘል ነብር ተሰፍቶበታል፤ ነብሩ ግን ጀርባው ወደ መሬት፣ አራቱም እግሩ ወደ ሰማይ ነው።

«ይህን የሰፋው ጀግና ደግሞ ጠጁን አስቀድሞ ነው!» አሉ ሻለቃው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከሳቁ መሀል አንድ ሰው ተነሡ። ጋሽ ደምሌ ናቸው፤ የቀድሞ አሥር አለቃ፣ አሁን ከከተማው ዳር የሚያርሱ ገበሬ።

«ያ የእኔ ክፍለ ጦር አርማ ነው! ሰው የሞተለት አርማ ነው! ያቅኑት!»

«እንደተገኘ ነው የማሳየው። ታሪክ አይቃናም» አሉ ሻለቃው፣ ሳቃቸው ሳያልቅ።

«እንግዲያስ እርስዎን ራስዎን ነው የምዘቀዝቅዎት!»

ልደት ቪዲዮውን አቆመችው። ዳዊት አየኝ፣ አየሁት። በአንቱታ ስለተነገረ ዛቻ ዛቻነቱ አይቀርም፤ ሻለቃውም የተገኙት ተዘቅዝቀው ነው። ከሳጥኑ የጎደለው ደግሞ ያው ባለነብሩ እጅጌ ነበር።

*

ጋሽ ደምሌን ከአውድማ ላይ አመጣናቸው። ጭዱ ገና ከፀጉራቸው አልረገፈም።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ገብስ ስወቃ።»

«ማን አየዎት?»

«በሬዎቼ። ይጥሯቸውና ይመስክሩ።»

ዳዊት ሳቁን ዋጠ። እኔ የተቀደደውን ነጠላ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ቁስሉ የታሰረው አሳምሮ ነው። ወታደር ቁስል ማሰር ይማራል አይደል?»

«ይማራል። ሽማግሌ ከደረጃ መወርወር ግን አልተማርኩም።» ከደረት ኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ያው የሚዘለው ነብር ነው። «የእኔ ይኸው። የሌላውን ለምን እሰርቃለሁ? ግን ያንን የተዘቀዘቀውን ሳይ ፍሥሐ ትዝ አለኝ።»

«ፍሥሐ ማን ነው?»

«የሲማዳ ልጅ። አርማውን የተሰጠን አንድ ቀን ነው። ቅንድቡ ላይ የበሬ ቀንድ የተወለት ጠባሳ ነበረው፤ ‹ከጠላት በፊት በሬ የማረከው› እያልን ስንስቅበት እንውል ነበር። እጄ ላይ ሞተ።» ነብሩን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት። «ከጦርነቱ ስመለስ መርዶውን ላደርስ ሲማዳን ዞርኩ። የአባቱን ስም አላውቅ፣ አጥቢያውን አላውቅ፤ ሲማዳ ደግሞ ፍሥሐ ሞልቷል። ልጇ በሕይወት ያለ እናት ደጅ ቆሜ የማይሆን መርዶ ብናገርስ? አልሆነልኝም። እና ሰው በዚያ አርማ ሲስቅ ዝም ልበል?»

አመንኳቸው። ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም። አመሻሹ ላይ ከደብረ ታቦር ተደወለ፤ ሻለቃው አልነቁም፣ ሐኪሞቹም ደፍረው ተስፋ አልሰጡም። ቢሞቱ ክሱ ነፍስ ማጥፋት ነው። ከበሬ በቀር ምስክር የሌላቸው ጋሽ ደምሌም ቀሪ ዕድሜያቸውን ወህኒ ሊጨርሱ ነው።

*

ሁለተኛው ተጠርጣሪዬ የሻው ነበር፤ አሮጌ ዕቃ እየለቀመ የሚነግድ፣ ምላሱ ከእግሩ የሚፈጥን ሰው። የኮሪያውን አርማ ለመግዛት የሻለቃውን ደጅ የጠናው እሱ ነው።

«እኔ?» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ ሌባ ይበሉኝ ግድ የለም፤ ደደብ ግን አይበሉኝ! ኮሪያውን ትቼ ያንን ቡትቶ ልሰርቅ? ቡትቶውን እኮ ለሻለቃው የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ!»

በዚያ ላይ ያን ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ከሾፌሮች ጋር ሲጨቃጨቅ ያላየው ሰው የለም። እኔ ግን ስለ እሱ ማሰቤን ትቼ ነበር፤ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

«እጅጌውን ከየት አመጣኸው?»

«ከወገዳ ገበያ። ታምሩ የሚባሉ ሽማግሌ ሙሉውን ኮት ሸጡልኝ። አይጥ በልቶት ስለነበር እጅጌውን ብቻ ቆርጬ አስቀረሁ። ነብሩ ተዘቅዝቋል እያለ ሰው ሁሉ አጣጣለብኝ፤ የወደዱት ሻለቃው ብቻ ናቸው።»

እሱን ሸኝቼ የነጠላውን ቁራጭ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። በአንድ ጫፉ ጥለት አለው።

«ዳዊት፣ ሴት ነጠላ ስትለብስ ጥለቱ የት ይውላል?»

«ታች ነዋ፣ ወደ እግር።»

«እንግዲያው የመንገዱ አቧራ የት ይሆናል?»

«ጥለቱ ላይ።»

«ና እይ!»

ጥለቱ ላይ አቧራ አልነበረም፤ የአንገት ወዝ ነው ያለው። አቧራውን የጠገበው ሌላኛው ጫፍ ነው። ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የምትለብስ ሴት ደግሞ አንድ ናት፤ ሐዘንተኛ።

«ሴት ናት!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። «ሐዘን ላይ ያለች ሴት!»

ዳዊት ግን ፊቱ ጠቆረ። «የጋሽ ደምሌ ሚስት ወይዘሮ አልጣሽ እናታቸው ከሞቱ ገና ነው። ሐዘን ላይ ናቸው።»

ደስታዬ ውኃ ተቸለሰበት። ልለቅቃቸው ስፈልግ ጭራሽ ሚስታቸውን ልጨምር! ሮጠን ሄድን። ወይዘሮ አልጣሽ ነጠላቸውን አውልቀው አስረከቡን፤ በፀሐይ አየሁት፣ ገለበጥኩት፣ አንድ ክር አልጎደለውም። እፎይ ብዬ እጃቸውን ስይዝ ምን እንዳስደሰተኝ አልገባቸውም። ከተማው ውስጥ በለቅሶ ላይ ያሉትን ቤቶችም አዳረስን፤ ነጠላዋ የተቀደደ ሴት የለችም።

«ሐዘንተኛ ሴት የወታደር አርማ ምን ያደርግላታል?» አለ ዳዊት።

የያዝኩት አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም የሚመዘዘው ወደ ሲማዳ፣ ወደ ወገዳ ገበያ ነው።

*

በማግስቱ በጠዋት ተነሣን። የሲማዳን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ አንጀት ከቦታው ይነቃነቃል። ዳዊት ጣሪያውን በጭንቅላቱ እየመታ «ሻለቃው ሳይነቁ እኛ እንታመማለን» ሲል አንድ ጠመዝማዛ ላይ የቀብር ሰልፍ መንገዱን ሞልቶት አገኘን። ሾፌሩ ቆመ። አስከሬኑ አለፈ። ሴቶቹ ጥለታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው አለፉ። ከኋላቸው ጠመንጃቸውን የያዙ ወንዶች መጡ፤ አፈሙዙ ሁሉ ወደ መሬት ነው።

የዳዊትን ክንድ ጨመደድኩት።

«ሰው ሲሞት ምን ምን ይዘቀዘቃል?»

«ነጠላ ይዘቀዘቃል። ጠመንጃ ይዘቀዘቃል...» ዓይኑ ፈጠጠ። «ነብሩ!»

«ነብሩ! የሰከረ ሰው ቢሰፋው ስፌቱ ይንጋደድ ነበር። የዚያ እጅጌ ስፌት ግን ቪዲዮው ላይ እንኳ ቀጥ ያለ ነው። አስቦበት የዘቀዘቀው ሰው ነው፤ እያለቀሰ!»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አስከሬን ፊት መሆኔን ሳስታውስ ከመኪናው ወርጄ አንገቴን ደፋሁ፤ ልቤ ግን ይዘል ነበር።

*

አቶ ታምሩን ወገዳ ገበያ ውስጥ አገኘናቸው። የኮቱን ነገር ሳነሣባቸው ከዘራቸው ላይ ተደገፉ።

«የእህቴ ልጅ ኮት ነው። ለዕረፍት መጥቶ አሮጌውን ትቶላት ዘመተ፤ በዚያው ቀረ። መርዶ አልመጣ፣ እሱ አልመጣ። መርዶ ላልመጣለት ሰው አይለቀስም፤ በሕይወት ያለውን ሰው ማሟረት ነው። እህቴ ታደለች ግን ኮቱን ታቅፋ ተደብቃ ታለቅሳለች። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ታማ ተኝታ ሳለ፣ አውጥቼ ሸጥኩት። ዓይኗ ካላየ ልቧ ያርፋል ብዬ ነው።»

«አረፈ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «አላረፈም።»

ከገበያው ወጥተን ተያይዘን ሄድን። እማማ ታደለች ግቢያቸው ውስጥ ባቄላ ያነፍሱ ነበር። ትከሻቸው ላይ ያለው ነጠላ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ ተቀዷል። የፖሊስ ልብሳችንን ሲያዩ አልሸሹም፤ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ሰውየው ሞቱ?» አሉ መጀመሪያ።

«አልሞቱም እናቴ። ግን አልነቁም።»

አማተቡ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

«የወንድሜ የልጅ ልጅ በስልኳ አሳየችኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው በሐዘኔ ሲስቅ አየሁ ልጄ። ስንት ዘመን አለፈው፣ ግን የእጄን ስፌት አጣዋለሁ? መርዶ ካልመጣ አታልቅሺ አሉኝ። ልብሴን ባጠቁር ያዩኛል፤ አርማውን ማን ያየዋል ብዬ ፈትቼ ዘቅዝቄ ሰፋሁት። ነጠላዬንም ከቤት ስወጣ አቃንቼ፣ ኮረብታውን ስሻገር ዘቅዝቄ ነው የምለብሰው። ስመለስ ደግሞ አቃናዋለሁ።»

አቶ ታምሩ ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር። ከዘራቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

«ሰውየውን ልለምናቸው ነበር የሄድኩት» አሉ እማማ ታደለች። «ቤታቸው የሉም፤ ሳጥኑ በረንዳው ላይ ተከፍቷል። የራሴን ብቻ አነሣሁ። እሳቸው ደርሰው ‹ሌባ!› ብለው ደረጃውን እየሮጡ ሲወጡ አዳለጣቸውና ወደ ኋላ ወደቁ። ደሙን ሳይ ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩላቸው። ጎረቤት እየተጣራች ስትመጣ ግን ሸሸሁ፤ ሁለተኛ እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ።»

«ቁስል ማሰር ከየት ተማሩ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ልጄ ከብት ሲያግድ በሬ ቅንድቡን ወጋብኝ። ያሰርኩት፣ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ጠባሳው እንኳ ያምርበት ነበር፣ ፍሥሐዬ።»

ዳዊት ዞር ብሎ አየኝ፤ እሱም ሰምቷል። የሲማዳው ፍሥሐ፣ ባለ ጠባሳው። ጋሽ ደምሌ አገር ምድሩን ዞረው ያጡት ደጅ ይህ ነበር፤ እኔ በሌባ ፍለጋ ቆምኩበት። ደስታና ሐዘን አንድ ላይ መጡብኝና የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅኩም። አፌን ልከፍት ስል የአቶ ታምሩን ዓይን አየሁ። ምን እንደማውቅ ባያውቁም፣ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አንብበዋል፤ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰው ሰውን ደግፎ ነው የሚነገር። እኔ ወሬ የማያድርብኝ ሴት፣ ምላሴን ነከስኩ።

ዳዊት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣ። ሲመለስ እየሮጠ ነበር።

«ነቅተዋል! ሻለቃው ነቅተዋል! ማንም አልገፋኝም፣ አዳልጦኝ ነው አሉ። እጅጌው የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተዘቀዘቀ ነገርኳቸው። ከዚያ ‹ሰካራሙ እኔ ነኝ በልልኝ› አሉ። ‹የራሷን ነው የወሰደችው፣ ክስ የለኝም› አሉ።»

አሁንስ ዘለልኩ። እማማ ታደለችን አቅፌ ጉንጫቸውን ሳምኩ። ከዚያ አቶ ታምሩን ከአጥሩ ውጭ ወስጄ የማውቀውን ነገርኳቸው። እሳቸው ለዘመዶቻቸው መላክ ሲጀምሩ፣ እኔ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ወደ ጣቢያው ደወልኩ፤ ጋሽ ደምሌን ፍቱ፣ ነብሩን የዘቀዘቁት የፍሥሐ እናት መሆናቸውን ነግራችሁ ወደዚህ አምጧቸው አልኩ።

*

በማግስቱ ማለዳ ጭጋግ ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ነጠላውን አጣፍቶ ከኮረብታው ሥር ተሰብስቧል፤ የአጥቢያው ቄስም መጥተዋል። ማን አፉን እንደሚከፍት፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ይመካከራሉ። ጋሽ ደምሌ ከመኪና ሲወርዱ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ትከሻቸው ዞረ።

አሮጌ የወታደር ኮታቸውን ለብሰዋል። ትከሻው ላይ ያ ከደረት ኪሳቸው የማይለየው ነብር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ አዲስ ነው። ነብሩ ጀርባው ወደ መሬት፣ አራቱም እግሩ ወደ ሰማይ ነው። ያ አርማ ስለተዘቀዘቀ አዳራሽ ያወኩት ሰውዬ በገዛ እጃቸው ዘቅዝቀው ሰፉት።

ወደ ላይ ወጣን። እማማ ታደለች በረቱን ሊከፍቱ ወጥተው ነበር። ያን ሁሉ ሰው ከጭጋጉ ውስጥ ሲወጣ ሲያዩ የማንንም ፊት አልፈለጉም። ዓይናቸው ፊት ለፊት በመጣው ትከሻ ላይ አረፈ። ቄሱ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አላስፈለገም።

የበረቱን መዝጊያ ለቀቁ። የተቀደደ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዞሩት፣ በሰው ሁሉ ፊት መልሰው ለበሱት። ከዚያ ጋሽ ደምሌ ጋ ሄደው ነብሩ ላይ እጃቸውን አኖሩ።

«አብረኸው ነበርክ?» አሉ።

«እጄ ላይ ነው እናቴ። ብቻውን አልነበረም።»

አቶ ታምሩ ከዘራቸውን ጥለው ከሰው ሁሉ ቀድመው እህታቸው አጠገብ ደረሱ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«አልቅሺ እህቴ» አሏቸው። «አሁን አልቅሺ።»